ውሻው በወጉ እስኪነሣ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ ውሻ እፈራለሁ። ልጅ ሆኜ ትክል ድንጋይ አክስቴ ቤት ሄጄ፣ «ግቢ፣ አይናከስም» የተባለልኝ ውሻ ባቴን ዘንጥሎኛል። ሆዴ ላይ የተወጋሁትን መርፌ እኔና እምብርቴ ነን የምናውቀው። ከዚያ ወዲህ «አይናከስም» የሚል ሰው ሳገኝ ከውሻው ይልቅ ሰውየውን እሸሻለሁ። እንግዲህ ይህችው ሴት ናት ሁዳዴን ሙሉ የውሻ ፎቶ አንሺ ሆና የከረመችው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ!

ሥራዬ ፎቶ ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። ጥርና የካቲት ሰርግ ነው፤ ሙሽራ ፋሲል ግንብ ሥር አቁሜ፣ ሚዜ ደርድሬ፣ «ፈገግ በሉ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ!» ስል ጉሮሮዬ ይዘጋል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ጭር ይላል። በጾም ማን ያገባል? የሚመጣው ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ የሚነሣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ተኮሳትሮ ይመጣል፣ ተኮሳትሮ ይሄዳል።

ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። እኔ እማማ ነው የምላቸው። ቤተ እስራኤል ናቸው፤ ሸክላ ይሠራሉ። ልጆቻቸውም ወንድሞቻቸውም እስራኤል ከገቡ ስንት ዘመናቸው ነው። እሳቸው ብቻ «ይኼ ወረቀት ጎደለ፣ ያኛው ማኅተም ደበዘዘ» እየተባሉ ቀርተው፣ ዘንድሮ በስንት መከራ ተራቸው ደረሰ። ለዚሁ ጉዳይ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ ስቱዲዮዬ መጡ፤ ውሻቸውም አብሮ መጣ።

ውሻው እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው፤ ግራ ጆሮው ለሁለት የተሰነጠቀ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በእኛ አገር መቼም የውሻ ስም ለውሻው አይወጣም፣ ለጎረቤት ነው የሚወጣው። እማማም ያን ጊዜ የተጣሏት ጎረቤት ነበረቻቸውና ውሻውን በጠሩ ቁጥር እሷን ጎሸም ያደርጓት ነበር። ጎረቤቲቱ እስራኤል ከገባች ቆየች፤ ስድቡ ግን እዚሁ ቀርቶ ጭራውን ይቆላል።

ውሻው በሩ ላይ ቆሞ «እርርር» ይለኛል፤ እኔ ከካሜራዬ ጀርባ እሸሸጋለሁ።

«እማማ፣ ወደ ካሜራው ይዩልኝ» አልሁ።

እሳቸው ከጎን ያቆምሁትን ባለ ጃንጥላ መብራት አፍጥጠው ያያሉ።

«ወደ መብራቱ አይደለም፣ ወደ እኔ!»

«ወዴት ነሽ?»

«እዚህ ነኝ!»

«ታዲያ ተናገሪ እንጂ፣ ምነው ዝም ትያለሽ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩልኝ። ሽማግሌ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ እንዲህ ነው ብዬ አነሣኋቸው፤ ነገሩንም ረሳሁት።

ብዙ ሳይቆይ ከእስራኤል ስልክ ተደወለ። ልጃቸው ናት። ቁጥሬን ከተላከላት ጉርድ ፎቶ ጀርባ ካለው ማኅተም ነው ያገኘችው።

«እህቴ፣ በፈጠረሽ አንድ ነገር አድርጊልኝ። እናቴ አልሄድም አለች።»

«ምነው? ስንት ዘመን ጠብቀው?»

«ውሻዬን ለማን ትቼ ትላለች። አውሮፕላኑ ከፋሲካ በኋላ ነው። ይኼ ካመለጣት ሌላ ተራ መቼ እንደሚመጣ አንድዬ ነው የሚያውቀው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻውን የሚወስድ ሰው ጠፍቷል። የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ ነክሶ ጨርሷል፤ ያልነከሰው ያልደረሰበትን ብቻ ነው። ባለቤት የሌለው ውሻ ደግሞ ከተማ ውስጥ መጨረሻው መርዝ የተቀባ ሥጋ ነው፤ ይህን እማማ በደንብ ያውቃሉ። ልጅቱ ለምና ለምና በመጨረሻ አንድ ቃል አገኘች። «እንግዲያ ውሻዬ በወጉ ፎቶ ይነሣልኝ። በወጉ ካልተነሣ ንቅንቅ አልልም» ብለዋል።

በነጋታው ሄድሁ። እማማ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጭቃ ያሻሉ። ጣታቸው ይሠራል፣ እሳቸው ሽቅብ ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ውሻው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጥርሱን ቆጠረልኝ።

«ልጄ፣ አንቺስ አትወስጂውም?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እኔ? እማማ፣ ውሻ ከማሳድር ጅብ ባሳድር ይሻለኛል!»

ጭቃቸውን ጨመቅ አደረጉ። «እሽ። እንግዲያ አንሺልኝ። አንሥተሽ ስትጨርሺ ለኔ አሳዪኝ። ሸጋ ከሆነ ሸጋ ነው ብዬ እሄዳለሁ። ካልሆነ ትመለሻለሽ።»

ቀላል መስሎኝ! ያን ሌሊት ስልኬ ላይ የውሻ ፎቶ አነሣስ የሚያስተምር ቪዲዮ አይቻለሁ። ፈረንጁ «ወደ ውሻው ዓይን ዝቅ በሉ፣ ተንበርከኩ፣ ከላይ ወደ ታች አታንሡ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከላይ ያነሡት ውሻ መሬት ላይ የተደፋ አተላ ይመስላል። ስለዚህ ሃምሳውን ሌንስ ገጠምሁ፤ ሰው ሳነሣ የምወደው እሱን ነው፣ ቅርብ ብሎ ፊት ያወጣል። ውሻው ተቀምጦ ያየኛል። ቀስ ብዬ ጎንበስ አልሁ።

ወይ ጉዴ! በእኛ አገር ሰው ጎንበስ የሚለው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊሳለም፣ ወይ ድንጋይ ሊያነሣ። ውሻ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ገና ጉልበቴ ሳይታጠፍ ሽው ብሎ መጣብኝ። እኔ የተሰጣው ሸክላ መሀል ዘልዬ ገባሁ፤ አንድ ገንቦ ቀሚሴን ይዞ ወደቀ። እማማ በስሙ ባይጠሩት ኖሮ ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ያነሣሁትን ሳየው አንዱ የጫማዬ ፎቶ ነው፣ አንዱ ሰማይ ነው፣ አንዱ ጥርስ ነው። ጥርሱ ግን ደህና ወጥቷል። አፍሬ ካሜራውን ለእማማ ሰጠኋቸው። ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ ዘንበል አደረጉት፣ መልሰው ሰጡኝ።

«አልወጣም። ነገ ነይ።»

«ምኑ ነው ያልወጣው እማማ?»

«እየጮኸ ነው'ኮ።»

«ፎቶ ላይ ድምፅ የለም!»

«ፊቱ ላይ አለ» አሉኝ።

አሥር ጊዜ አሰብሁት፤ ፊቱ ላይ አለ! ስንት ፎቶ አንሺ ይህን ሳያውቅ ይሞታል። እኚህ ሴት ዋዛ አይደሉም አልሁና ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ፈታኝ እፈራቸው ጀመር።

በማግስቱ ቀትር ላይ መጣሁ። የጎንደርን የመጋቢት ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነጭ ቀሚስ ያቃጥላል፣ ጥቁር ነገር ይውጣል። ፎቶው ላይ የወጣው ቀይ ምላስ ያለው ጉድጓድ ነው። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። ለጥቁር ውሻ የጠዋት ብርሃን ነው የሚሻለው ብዬ በሌላው ቀን በማለዳ መጣሁ። ብርሃኑ ደህና ሲሆን ካሜራው አበደ። ራሱ ፊት ፈልጎ የሚያተኩር ዘመናይ ካሜራ ነው ተብዬ የገዛሁት ነው፤ እማማ አጥሩ ሥር የደረደሯቸውን የሸክላ ቄሶችና አንበሶች እያየ «ሰው አገኘሁ!» ይላል። ውሻው መሀላቸው ጭጋግ መስሎ፣ ከኋላው የሸክላው አንበሳ ጢሙ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። ያን አጥፍቼ በእጄ ማተኮር ጀመርሁ።

«ነገ ነይ» አሉ እማማ።

«ዛሬስ ምን ሆነ?»

«አላመነሽም።»

ይኼንንም ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁ። አላመነሽም! ሙሽሮቼም እኮ አያምኑኝም ነበር፤ ለዚህ ነው ፈገግታቸው እንደ ውሰት ጫማ የሚሆን። በቃ፣ በውሻ ምክንያት ጥበብ ልማር ነው አልሁ።

ሆኖም ጥርሱን አልረሳሁትምና ከመቅረብ መራቅ ይሻላል ብዬ ሌላ ዘዴ ፈለግሁ። ወደ ሰሜን ተራሮች ቱሪስት የሚወስድ አስጎብኚ ወዳጅ አለኝ። ዋልያ ከገደል ማዶ የሚያነሣበት፣ የሙቀጫ ዘነዘና የሚያህል ሌንስ አለው። ተውሼው መጣሁ። «ለምን ፈለግሽው?» ሲለኝ «ለውሻ» አልሁት። «ምን የሚያህል ውሻ ነው?» አለ።

ሌንሱ እጅግ ስለሚያቀርብ ውሻው በሙሉ እንዲገባልኝ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያልሁ መንገዱን ተሻግሬ አንዱ አጥር ሥር ደረስሁ። ከዚያ ሆኜ ሳይ ሁሉም ልክ ነው፤ ግን ጣቴን ስጫን ባጃጅ ያልፋል። እንደገና ስጫን ሌላ ባጃጅ። ያን ቀን ከወለቃ ወደ ጎንደር የገባ ባጃጅ ሁሉ በእጄ አለ፤ ሾፌሮቹ ስሜን ከነእናቴ ያነሡታል። በመጨረሻ ግን አንድ ጊዜ መንገዱ ጸጥ ሲል ውሻው ቀና አለ፣ ዓይኑ በራ፣ ያዝሁት! ሮጥሁ።

«እማማ፣ ይኼን ይዩት! ይኼ ቢሸለም አይበዛበትም!»

ካሜራውን እንኳ አልተቀበሉኝም። «የት ሆነሽ ነው ያነሣሽው?»

«ከመንገዱ ማዶ።»

«ከማዶማ ማንም ያነሣል። ቅረቢና አንሺ።»

በሽቄ ልሞት! ሌንሱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ «ሁለተኛ እዚህ ደጅ ብደርስ!» እያልሁ ቤቴ ገባሁ። ማታ ልጅቱ ደወለች።

«ወጣ?»

«አልወጣም።»

«እባክሽ እህቴ… ልጆቼ እኮ አያታቸውን በስልክ ብቻ ነው የሚያውቋት።» ድምፅዋ ተቆረጠ። ሲነጋ ተመልሼ ሄድሁ። ቅዳሜ ሰንበታቸው ነው፣ ካሜራ አይነሣም፤ እሑድ የእኔ ነው። በተረፈ በየቀኑ እዚያው ነበርሁ።

ቅረቢ ከተባለ ያለ አጥንት አይቀረብም። በሁዳዴ ደግሞ ክርስቲያን ሉካንዳ ቤቱን ቆልፎ ሽምብራ ይቆረጥማል። ያለው አዲስ ዓለም ሰፈር የሙስሊሞቹ ሥጋ ቤት ነው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሄድሁና አጥንት ገዛሁ፤ በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ከሌንሱ ጎን። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ካለፈ ነውና በዚያው ላስቀድስ ብዬ ወደ ደብራችን ወጣሁ። አጥንቱን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። እኔ ብረሳው የሰፈር ውሾች መች ይረሱታል! ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ዞር ብል አጅበውኛል፤ ጭራቸውን እየቆሉ ተሰልፈዋል። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምሁ፣ እነሱም ቆሙ። የነፍስ አባቴ ከበሩ ሥር ሆነው ያያሉ።

«ልጄ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ምን አለ?»

በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይዋሽ። «አጥንት ነው አባ።»

«አጥንት? በዐቢይ ጾም?»

«ለውሻ ነው አባ።»

«ውሻ አለሽ?»

«የለኝም።»

አማተቡ። ያገሬው ሴት ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ያየኛል። «ለሰው ውሻ ነው፣ ፎቶ ላነሣው ነው» ስል ይብሱን ተጠጉ። ስግደት ተጨመረብኝ፤ እኔም ሰገድሁ፣ ምን አደርጋለሁ። በጉልበቴ የቀረ ካለ ውሻው ይጨርሰው።

አጥንቱን ይዤ እማማ ደጅ ስደርስ ደግሞ እሳቸው በተራቸው አስቆሙኝ። «የማን ሥጋ ነው? ወደ ቤት እንዳታስገቢው፣ ከዕቃዬም እንዳታስነኪው። እደጅ ስጪው።» ሙስሊም አርዶት፣ ክርስቲያን ተሸክማው፣ ቤተ እስራኤል ከደጅ መልሰውት፣ ከሦስቱም ጋር ተጣልቶ አጥንቱ በመጨረሻ ውሻው ሆድ ውስጥ ታረቀ።

ከዚያ በኋላ ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ አጥንቱን ወርውሬ እሸሽ ነበር፤ ቀጥሎ ወርውሬ ቆምሁ፤ ቀጥሎ አስቀምጬ ቆምሁ። ውሻው ያጉረመርማል፣ ግን እንደ ልማዱ ብቻ ነው፣ እንደ ባለሥልጣን። እማማ ተቀምጠው ጭቃቸውን እያሹ በየመሀሉ ይጠይቁኛል።

«ከእጅሽ በላ?»

«ዛሬ በላ።»

«ጭራውስ?»

«ትንሽ ነቅነቅ አድርጓታል።»

«እንዲያ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ፎቶውን ግን ሳሳያቸው ያው ነው፤ «ነገ ነይ»። አንዱ «ያጉረመርማል» ተብሎ ወደቀ፣ አንዱ «አንቺው ፈርተሻል፣ ይታያል» ተብሎ ወደቀ። እውነትም ፈርቼ ነበር። ይኼንን እንዴት ከፎቶ ላይ ያነብባሉ እያልሁ እደነቃለሁ።

የቀረኝ ያ የጎንበሱ ነገር ነው። ቆሜ ካነሣሁት ፎቶው አያምርም፤ ጎንበስ ካልሁ ድንጋዩ ይታወሰዋል። ሲጨንቀኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ዝቅ ማለት ካልቻልሁ ቀድሜ ዝቅ ብዬ ልጠብቀው። ከእማማ ቤት ጀርባ የሸክላ አፈር የሚያወጡበት ጉድጓድ አለ፤ ብገባበት እስከ አንገቴ ነው። ለሆሳዕና ጥቂት ቀን ሲቀር በማለዳ ሄጄ፣ ውሻው በሌላ በኩል ሳለ፣ ሃምሳውን ሌንስ ገጥሜ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ከመሬት በላይ የቀረው ራሴና ካሜራዬ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤት በሬ እየነዱ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ምነው ልጂት፣ ወደቅሽ?»

«አልወደቅሁም አያ። ፎቶ እያነሣሁ ነው።»

«ጉድጓድ ገብተሽ?»

«ከላይ ሆኜ ጎንበስ ስል ውሻው ድንጋይ የማነሣ ይመስለዋል።»

ጥቂት አሰቡበት። «እውነትሽን ነው፤ ይመስለዋል» አሉና በሬአቸውን ነድተው ሄዱ።

ውሻው መጣ። የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየኝ። ተዋውቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ከእኔ በላይ ሆነ። አሸተተኝ። አፍንጫውን ሌንሱ ላይ አሳረፈ፤ ሌንሴ በለሐጭ ተቀባ። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት። ከዚያ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አፋፉ ላይ ተኛ፣ አገጩን ትከሻዬ ላይ አደረገ። እግዜርን! ጮኼ ልወጣ ነበር፣ መውጫው ደግሞ በእሱ በኩል ነው። ከመፍራቴ ብዛት ፍርሃቱ ራሱ ሰልችቶት ጥሎኝ ሄደ። እጄ ሳላዝዘው ተነሥቶ ያቺን የተሰነጠቀች ጆሮ ያክ ጀመር። እሱም ቀና ብሎ አየኝ፤ በጠዋቱ ብርሃን ዓይኑ ቡናማ ነው፣ ያን ያህል ቀን ጥቁር ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ አነሣሁት።

ከደጁ የእማማ ድምፅ መጣ። «ምነው ዝም አለ?»

«ዝም አለ እማማ።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ፣ ጆሮውን እያከክሁለት ነው።»

«አሁን ወጣ!» አሉ።

«ገና አላዩትም'ኮ!»

«አሳጥቢውና አምጪልኝ።»

አሳጠብሁት፤ ያውም በትልቁ። በዚያው ቀን የየካቲት ሰርገኞች ከፋሲካ በኋላ የሚወስዱትንም ፎቶ በየፖስታው እከትት ነበር። በነጋታው የእማማን ፖስታ ይዤ ሄድሁ። ከፖስታው ሳብ አድርገው አወጡት፣ ፊቱን ወደ እሳቸው አድርገው ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት፣ ጣታቸውን ከላይ እስከ ታች አሳለፉበት። ፊታቸው በራ።

«ሸጋ! ሸጋ ነው። ጆሮው ሳይቀር! አሁን እሄዳለሁ።»

ስንት ሙሽራ ከነቤተ ዘመዱ አንሥቻለሁ፤ እንዲህ ያመሰገነኝ አንድም የለም። እንባዬ መጣ። ለልጅቱ ደውዬ «ወጣ!» ስላት እሷም አለቀሰች፤ ሁለት ጎልማሳ ሴቶች በውሻ ፎቶ በስልክ ተላቀስን።

ፋሲካ አልፎ የመሄጃቸው ቀን መጣ። ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ደጃቸው ቆሟል። ፎቶውን ከነፖስታው ሻንጣቸው ውስጥ ከተውታል፤ እጃቸው ላይ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ የሸክላ ውሻ ይዘዋል። ለካ ሁዳዴን ሙሉ ሲያሹት የነበረው ጭቃ እሱ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው እስኪገኝለት አንቺ ጋ ይቆይ።»

«እስኪገኝለት ብቻ ነው እማማ!»

«እስኪገኝለት» አሉ።

ሚኒባሱ ሲነሣ ውሻው እስከ ኩርባው ድረስ ተከትሎ ሮጠ። ከዚያ ቆሞ ቀረ። አንጀቴን በላው። «ና» አልሁት፣ ይመጣል ብዬ ሳይሆን ሌላ የምለው ስላጣሁ። ዞሮ አየኝ፤ ጭራውን ጥሎ መጣና ከኋላዬ ተከተለ። መንገዱን ሙሉ እያለቀስሁ ሄድሁ፤ ባጃጆቹ ዛሬም ጡሩምባቸውን ነፉብኝ።

የነፍስ አባቴ በዚያ ሰሞን ቤቴን ጸበል ሊረጩ መጥተው ከበር ላይ ከውሻው ጋር ተፋጠጡ። «ለካ እውነትም ውሻ አለሽ!» አሉ። አለኝ አባ አልሁ። የሰገድሁት ስግደት ግን አልተመለሰልኝም።

ከሳምንት በኋላ የአንዱ የየካቲት ሙሽራ እናት ስቱዲዮዬ ገቡ። ፊታቸው ደም መስሏል። ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወሩ።

«ልጄን ምን አደረግሽው?»

ከፈትሁት። ውሻው ነው። አፋፉ ላይ ተኝቶ፣ ጆሮው ተሰንጥቆ፣ ቡናማ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። የፎቶው ባለቤት ውሻው ራሱ ደግሞ ከበሩ ሥር ተነሥቶ «እርርር» አለ።

«ይኸው! ራሱ ነው!» ብለው ሴትዮዋ ወንበር ላይ ወጡ።

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ሌላ አሳጥቤ በማግስቱ እንደምሰጣቸው ማልሁላቸው፤ ውሻውን ይዤ አሳለፍኋቸው። ከዚያ ብቻዬን ስቀር ነው ነገሩ ራሴን የመታኝ። የሙሽራው ፖስታ ውስጥ ውሻው ካለ፣ እማማ እጅ ላይ ያለው ማነው? ከረባት አስሮ፣ ፀጉሩን ቀብቶ፣ ፋሲል ግንብ ሥር የቆመው ሙሽራ ነዋ! «ሸጋ ነው፣ ጆሮው ሳይቀር» የተባለው እሱ ነዋ!

ስልኬ ጮኸ። ልጅቱ ናት። ከጀርባዋ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ።

«እህቴ፣ እናቴ ‹ይኸውላችሁ ውሻዬ› ብላ ለልጆቹ የሰጠቻቸው ፎቶ ላይ ያለው ሰውዬ ማነው?»

የተመለሰውን ፖስታ ገልብጬ አስቀመጥሁት።

«ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሞራ ነው አሉ፤ በቅርቡ ይገፈፍላታል። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ካየች ቆይታለች፤ ለማንም ሳትነግር።»

ባለ ጃንጥላው መብራት ትዝ አለኝ። «ታዲያ ተናገሪ እንጂ» ማለታቸው። ፊቱ ላይ አለ ያሉት ጩኸት። እኔ በጥበባቸው ስደነቅ፣ እሳቸው ከፎቶዬ አንዱንም አላዩትም።

«ስጪኝ፣ ላናግራቸው» አልኋት። እማማ ስልኩን ያዙ።

«እማማ፣ ሳያዩት ነው ሸጋ ያሉኝ?»

«ምነው ትቆጫለሽ? ውሻው ይጮኽብሻል?»

«አይጮኽብኝም።»

«ያጉረመርማል?»

«በኔ ላይ? እግሬ ላይ ተኝቷል።»

«የመጀመሪያ ቀን ደጅሽ ቆሞ አልነከሰሽም። ያልነከሰው ሰው አንቺን ብቻ አየሁ» አሉኝ። «እንግዲያ ሸጋ ነው ማለቴ ምኑ ላይ ነው ስሕተቱ?»

ውሻው ድምፃቸውን ሰምቶ ከእግሬ ላይ ተነሥቷል፤ ያቺ የተሰነጠቀች ጆሮው ቀጥ ብላ ቆማለች። ጎንበስ አልሁና ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት።